የድንጋዩ ሌላ ገጽ

እትዬ ዙህራ የሞቱት በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ቀን ትኩሳት አንገላታቸው። በአራተኛው ቀን ጎረቤቶች ውኃ ሊያጠጧቸው ሲገቡ አልፈው አገኟቸው። ባላቸው ጋሼ ጠይብ በዚያች ሰዓት ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ መደብራቸው ተቀምጠው የቢላዋ መሳያ ያለዝቡ ነበር። የሴቶቹ ጩኸት ሲሰማ እጃቸው ቆመ። ተነሥተው ግን አልገቡም።

እኔ በዚያ መደብር ፊደል ቀራጭ ነኝ። ጋሼ ጠይብ ወፍጮ፣ መጅ፣ የቢላዋ መሳያና ለወለል የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሸጣሉ። የመቃብር ድንጋይ የሚያዝ ክርስቲያን ሲመጣ ደግሞ ስሙንና ቀኑን የምቀርጸው እኔ ነኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር ስለማይሆንልኝ ሥራው ተስማምቶኛል።

ባልና ሚስቱ ከተኳረፉ ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር። የእትዬ ዙህራ እናት ወሎ ሲሞቱ ጋሼ ጠይብ «ቆዪ፣ አብረን እንሄዳለን» ቢሏቸው አልሰሙም፤ በጭነት መኪና ተሳፍረው ብቻቸውን ሄዱ። በአሥራ አምስት ቀን ሲመለሱ ባላቸው በሩን ከፈቱላቸው፤ ቃል ግን አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ።

«ውብሸት፣ ምሳ ቀርቧል በለው» ይላሉ እትዬ ዙህራ ከደጃፉ ቆመው።

«ውብሸት፣ አልራበኝም በላት» ይላሉ ጋሼ ጠይብ፣ አራት እርምጃ ርቀው።

«ትናንትም አልራበኝም ብሎ ድስቱን ጠርጓል በለው።»

አንዱ የሌላውን ድምፅ ስለሚሰማ የማደርሰው ነገር አልነበረም። መሐል ላይ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ጎረቤታችን ቆርቆሮ ሠሪው ጠሃ መዶሻውን አስቀምጦ ይሥቅብኝ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ስልክ ቤት ሆነህ ቀረህ እኮ!» ይለኛል።

በእስልምና ደንብ ሟች ሳይውል ሳያድር ይቀበራል። በመቃብሩ ጉድጓድ ታች አስከሬኑ የሚያርፍበት ጠባብ ቦታ ይበጃል፤ በእሱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጎን ለጎን ይደረደሩና አፈሩ ይመለሳል። አፈሩ በሟቹ ላይ እንዳይወድቅ የሚያግዱት እነዚያ ድንጋዮች ናቸው። በሰፈራችን ሙስሊም ሲሞት ድንጋዩን መርጠው የሚሰጡት ጋሼ ጠይብ ነበሩ። ለባለቤታቸውም ራሳቸው መረጡ። አራቱን አወጡና ለጫኞቹ ሰጡ። አምስተኛው ከዓባይ በረሃ በመኪና የመጣ፣ አራት ጣት የሚወፍር ጥቁር ድንጋይ ነበር። ሰዎቹ ሊያነሡት ሲጎነበሱ ጋሼ ጠይብ «ቆዩ» አሉ።

ሽብልቁን ጎኑ ላይ አስገቡና ሦስት ጊዜ መቱት። ያ ዓይነት ድንጋይ ገጽ በገጽ የተነባበረ ስለሆነ በትክክል ከመቱት እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ገጽ ቢጫ ዱቄት ለብሶ ነበር፤ ማንም ልብ ብሎ አላየውም። አንዱን ለጫኞቹ ሰጡ፣ ሌላውን ከግድግዳው አስደግፈው እጃቸውን አራገፉ። ለምን እንደ ሰነጠቁት የጠየቀ የለም። እኔ ለሸክም እንዲቀል መስሎኝ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ የመደብሩ አሸንዳ ተቀደደና ሌሊቱን ውኃው በዚያ ድንጋይ ላይ ሲወርድ አደረ። ጠዋት መደብሩን ስከፍት ቢጫው ዱቄት ታጥቦ ሄዷል። ድንጋዩ መሐል ላይ አውሬ ነበር።

ሥዕል አይደለም፤ ሰው የቀረጸውም አይደለም፤ መሮ ያረፈበትን እኔ አውቃለሁ። እርጥብ ጭቃ ላይ ተኝቶ የተነሣ ፍጡር የተወው ጉድጓድ ይመስላል። ርዝመቱ ከክንዴ ትንሽ ያጥራል። ራሱ እንደ ጋሻ ሰፊ ነው፤ ከጋሻው ግራና ቀኝ አጫጭር ግንዶች ወጥተው ጫፋቸው ላይ ዓይን የመሰለ ክብ አለ። ከራሱ ሥር ሁለት ረጃጅም ክንዶች ተዘርግተው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ክንዶቹ ብዙ መገጣጠሚያ አላቸው፤ እሾኻቸው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ከራሱ በታች ገላው በቀለበት በቀለበት ተከፍሎ ይወርዳል። ዘጠኝ ቀለበት ቈጠርሁ። በየቀለበቱ ጎን፣ እግር መሆን በሚገባው ቦታ፣ እንደ ዓሣ ክንፍ የሳሳ ነገር ተነጥፏል። ከዘጠነኛው ቀለበት በኋላ ገላው ይጠብና የድንጋዩ ገጽ ይለሰልሳል። ጭራው የለም።

ጠሃ ከኋላዬ መጥቶ አንገቱን አሰገገ።

«አቤት አላህ! ጊንጥ ነው! የጊንጥ ንጉሥ!» አለና ወደ ቤቱ ዞሮ ጮኸ። «ጋሼ ጠይብ፣ ይምጡ! ሳያውቁት ተከራይ አስገብተዋል!»

ጋሼ ጠይብ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ መጡ። ቀርበው አዩት። ከዚያ ተንበርክከው መዳፋቸውን በአውሬው ገላ ላይ አሳረፉ።

«ይኼ ጎድጓዳ ነው» አሉ።

«ቢሆንስ?» አለ ጠሃ።

«ጎድጓዳው አሻራው ነው። ገላው የቀረው በሌላው ገጽ ላይ ነው።»

የጠሃ ሣቅ ከፊቱ ጠፋ። ሌላው ገጽ የት እንዳለ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

በዚያ ቀን ጋሼ ጠይብ ምሳ አልበሉም። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የምቀርጸውን ስም እንደሚያነብ ሰው እጄን እያዩ «ውብሸት፣ የእኛን ቀብር አይተህ የለም?» አሉኝ።

«ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አይቻለሁ።»

«ሟቹ ከመውረዱ በፊት ሼኹ 'አፉ በሉላት' ይላሉ። የበደለችው ሰው ካለ ይቅር እንዲላት ነው። ሁሉም 'አፉ ብለናል' ይላል። ያን ቀን ሁሉም አለ። እኔ አላልሁም።»

«ኀዘኑ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ኀዘን አይደለም። ጥርሴን ነክሼ ነው። ባሏ አፉ ያላላት ሴት መቃብሯ ውስጥ ጊንጥ ይሰለጥንባታል ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁን እኔው በገዛ እጄ በላይዋ ጊንጥ አስቀመጥሁ። ወይስ ጊንጥ አይደለም? አንተ ምን ይመስልሃል?»

መሮዬን ያዝሁ።

ጋሼ ጠይብ ቀብሩን ያስፈጸሙትን ሼኽ ኢስሐቅን ጠየቁ። ሼኹ መደብሩ ድረስ መጥተው ድንጋዩን አዩ። «ስማ ጠይብ» አሉ፣ «ይኼ ፍጡር ከሞተ ስንት ዘመኑ! ማንን ይነድፋል? አላህ ባሪያውን ሊቀጣ ቢፈልግ የአንተን ድንጋይ አይበደርም። ድንጋዩን ወዲያ አድርገውና ለሚስትህ ዱዓ አድርግላት።»

«እሺ» አሉ ጋሼ ጠይብ። ሼኹ እንደ ሄዱ ግን ተመልሰው ድንጋዩ ፊት ቁጭ አሉ።

እንዲያ ሆነው ቀናት አለፉ። የአውሬው ነገር በልቶ አላበላ፣ ተኝቶ አላስተኛ አላቸው። ጠሃ ቀልዱ እንዳሳመማቸው ስላወቀ ሊክስ ፈለገና ከቆላ እንጨት የሚያመጡ ሹፌሮችን ለምኖ እውነተኛ ጊንጥ በጣሳ አስመጣ።

«አጠገብ ለአጠገብ እናያቸው» አለ። «አለመሆኑን በዓይናቸው ሲያዩ ይወጣላቸዋል።»

ጊንጡን በእንጨት እየገፋ ድንጋዩ ላይ አወረደው። ጋሼ ጠይብ ጎንበስ ብለው መቍጠር ጀመሩ።

«ጊንጡ ስምንት እግር አለው። የድንጋዩ እግር የለውም።»

«አላልሁም?» አለ ጠሃ። «ይኼ ባለ ክንፍ ነው። ዓሣ ነገር ነው። እናንተ ወሎዬዎች ዓሣ አይታችሁ አታውቁም!»

«የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ዓሣ ልታስተምረኝ ነው?» አሉ ጋሼ ጠይብ። ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። «ዓይኑም በግንድ ላይ ነው። ጊንጡ እንዲህ የለውም።»

«አዎ!»

«ቀለበቱ ግን ያው ነው። ክንዱም መቆንጠጫው ከሚወጣበት ቦታ ነው የወጣው።»

በዚህ ጊዜ ጊንጡ ከአውሬው ራስ ተነሥቶ በቀለበቶቹ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ዘጠነኛው ቀለበት ሲያልቅ ቆመ። የድንጋዩ አውሬ ጭራ በሚጠፋበት በዚያው ቦታ ላይ የራሱን ጭራ ወደ ላይ ቆልምሞ አነሣ። ጠሃ በመዶሻው አደቀቀው። ግን ጋሼ ጠይብ አይተውታል።

«ነገሩ ሁሉ ጭራው ላይ ነው» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ሳስበው አደርሁ። መቼም እኔ ሰው ፊት ቀርቤ መናገር አልወድም፤ ያም ሆኖ በማግሥቱ ትልቅ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ዘርግቼ በከሰል ፈተግሁት። የአውሬው ቅርጽ እስከ እሾኹ ድረስ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ጠቅልዬ አራት ኪሎ፣ ስለ ድንጋይና ስለ ጥንት ፍጡር ያስተምራሉ ወደ ተባሉ አንድ ፈረንጅ መምህር ሄድሁ። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስሁ። በሦስተኛው ኪዳነ ማርያም የሚባል የጎጃም ልጅ፣ ተማሪያቸው፣ «ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?» ብሎ አስገባኝ።

መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በማጉያ መስተዋት ከራስ እስከ ታች ሄዱበት። ከዚያ መናገር ሲጀምሩ ኪዳነ ማርያም ለማስተርጎም ተቸገረ።

«በቀለበት የተከፈለ ገላ፣ መገጣጠሚያ ያለው ክንድ፣ ከውጭ የሚለበስ ጠንካራ ልባስ አለው። ስለዚህ ጊንጥ፣ ሸረሪት፣ ሸርጣን፣ አንበጣ ካሉበት ትልቅ ቤተሰብ ነው ይላሉ። ሰው ከመፈጠሩ በፊት፣ አገሩ ባሕር ሳለ የኖረ ነው። ዘሩ ጠፍቷል።»

«የየትኛው ወገን ነው?» አልሁ።

ኪዳነ ማርያም ጠየቃቸው። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይታወቅም ይላሉ። ክንዶቹ መቆንጠጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም እንደ አንበጣ ቀንድ መዳሰሻ ናቸው፤ ወይም የአፉ ክፍል ናቸው። ክንፍ የመሰለው ነገር የሚዋኝበት ይሁን የሚተነፍስበት አይታወቅም።»

«ጊንጥ ነው ወይስ አይደለም? እሱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ጭራውን ሳላይ ምንም አልልም ይላሉ። በሹል ካለቀ የጊንጥ ጥንታዊ ዘመድ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። እንደ ማራገቢያ ከተዘረጋ ወደ ሸርጣን ያደላል። ወይም ከሁለቱም አይደለም። ሌላው ገጽ የት ነው ይላሉ።»

«ሴት ተቀብራበታለች» አልሁ። «ከውስጥ፣ ከላይዋ ነው የተከደነው።»

ኪዳነ ማርያም ሲነግራቸው መምህሩ ማጉያውን አስቀመጡ። ስለ ድንጋዩ ዳግመኛ አልጠየቁም። ተነሥተው አንድ መሳቢያ ሳቡና አሳዩኝ። ውስጡ በትንንሽ ሣጥኖች ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ እንደ ማበጠሪያ ያለ፣ አንዱ ላይ እንደ ተከፈተ ቅርፊት ያለ ነገር ታትሟል።

«እነዚህ ወገን ያልተገኘላቸው ናቸው ይላሉ» አለ ኪዳነ ማርያም። «አንዳንዱ ከተገኘ የሰው ዕድሜ አልፎታል።»

እስከ በሩ ሲሸኘኝ የጋሼ ጠይብን ጭንቀት ነገርሁት። «ስማኝ» አለኝ፣ «አይደለም በላቸውና ይረፉ። ማን መጥቶ ይከራከርሃል?»

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ጋሼ ጠይብ መደብሩ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። «ጊንጥ አይደለም» አልሁ።

«ማን አለ?»

«ፈረንጁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። የዚያን ቀን በሉ። በማግሥቱ ሠሩ፤ ከጠሃም ጋር ተቀላለዱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወፍጮ ሲወቅሩ ቆዩና መዶሻቸውን አወረዱ።

«ውብሸት፣ ሰውየው ጭራውን ሳያይ በምን አወቀ?»

ጎንበስ ብዬ የድንጋይ ፍርፋሪ መጥረግ ጀመርሁ።

«አንተ ውሸት አታውቅበትም እኮ፣ ልጄ። ንገረኝ።»

«አያውቁም» አልሁ። «አይታወቅም ነው ያሉት።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። «እንግዲያው ራሴ አየዋለሁ» ብለው አካፋ ያዙ። ጠሃ ሮጦ ሼኽ ኢስሐቅን ጠራ። ሼኹ መንገድ ላይ ደረሱብን፤ «መቃብር መክፈት ሐራም ነው፣ አብደሃል?» እያሉ እጃቸውን ያዙ። ጋሼ ጠይብ ግን አልቆሙም፤ እኛም እየተከተልን፣ እየለመንን ኮልፌ የሙስሊሞች መቃብር ደረስን።

መቃብሯ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ቆምን። የእትዬ ዙህራ አፈር በራስጌው በኩል ሰምጦ ነበር። በሰመጠው ላይ የዝናብ ውኃ ተጠራቅሟል።

የመቃብሩ ጠባቂ መጣ። «ክረምት ነው፣ ይሰምጣል» አለ። «ከላይ አፈር ጨምሩበትና ተዉት።»

«አፈር አይደለም የሰመጠው» አሉ ጋሼ ጠይብ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ድንጋዩ ነው የተሰበረው።»

ሼኽ ኢስሐቅ ጎንበስ ብለው አዩና ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ «ከተሰበረ ይጠገናል፤ እሱ የተፈቀደ ነው» አሉ። «የሚወርደው ባሏ ብቻ ነው። ሌላው ፊቱን ያዙር።» እኔን ወደ መደብር ላኩኝ። ከጠሃ የተበደርሁትን ጋሪ ይዤ፣ ከመደብሩ ሁሉ ወፍራም የሆነውን አንድ ድንጋይ ከሁለት ሰው ጋር ጭኜ ተመለስሁ። ስመለስ ጋሼ ጠይብ ደረታቸው ድረስ በጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ።

አራቱ ድንጋዮች እንደ ተቀመጡ ናቸው። በራስጌ በኩል ያለው፣ የተሰነጠቀው፣ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጭቃውም አብሮት ወርዷል። እኔ ፊቴን አዙሬ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ስባሪውን እቀበላቸው ነበር።

«ለምን እንደ ሰነጠቅሁት ታውቃላችሁ?» አሉ ከታች። ለማን እንደሚናገሩ አላወቅንም። «ሙሉው ይበዛባታል ብዬ ነው። ግማሹ ይበቃታል አልሁ። ድንጋዩ ስንት አፈር እንደሚችል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ነበር? ሠላሳ ዓመት ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሙሉውን ስሰጥ ኖሬ...»

«በቃ ጠይብ» አሉ ሼኹ።

«ፊቷ ላይ ነው የወደቀው፣ ሼኽ። ጭቃው ፊቷ ላይ ነው።»

ጭቃውን በእጃቸው ሲያነሡ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ሁለተኛው ስባሪ እጄ ላይ ሲያርፍ ከጭቃው በታች እብጥ እብጥ ያለ ነገር በአውራ ጣቴ ነካሁ። ቀለበቶች ነበሩ። ከእነሱ በታች ገላው ጠብቦ ይቀጥላል። ድንጋዩ የተሰበረው ከዚያ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ጭራው አልጠፋም፤ በጭቃ ተሸፍኖ እጄ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ በጋቢዬ ብጠርገው ይታያል።

«ጋሼ» አልሁ፣ «ጭራው ይኸው። ልጥረገው?»

ከታች ጭቃውን ማንሣት ቀጠሉ።

«ተወው» አሉ። «እሱ አልነካትም።»

ስባሪውን ከነጭቃው ከአፈሩ ክምር ላይ አኖርሁት። አፈሩ ሲመለስ አብሮ ተመለሰ።

ወፍራሙን ድንጋይ በገመድ አወረድንላቸው። ተቀብለው አስተካክለው ገጠሙት፤ በጥፍራቸው ዙሪያውን ክፍተት ፈለጉ፤ በጭቃ ደፈኑት። ሥራው አልቋል። እሳቸው ግን በድንጋዩ ላይ ተንበርክከው ቀሩ።

«ዙህራ» አሉ። «አፉ ብዬሻለሁ።»

ሼኽ ኢስሐቅ «አልሐምዱሊላህ» አሉ በቀስታ። «ና ውጣ እንግዲህ።»

ጋሼ ጠይብ አልተነሡም። ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ ደፉ።

«አፉ በይኝ፣ ዙህራ።»

ከኮልፌ ማዶ ዝናቡ እየመጣ ነበር። ጠባቂው አካፋውን አንሥቶ ሼኹን አየ፤ ሼኹ በራሳቸው እንዲቀጥል ምልክት ሰጡት። የመጀመሪያው አፈር በግርጌ በኩል ሲወርድ ጋሼ ጠይብ ቀና ሳይሉ አንድ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩ» አሉ። «ገና አልመለሰችልኝም።»

ጠባቂው አካፋውን ያዝ አደረገ። ዝናቡ ሲደርስ ጠሃ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ በብብታቸው አቅፎ አነሣቸውና እኔ ከላይ ሆኜ እጃቸውን ሳብሁ። ክብደታቸውን ሁሉ ጥለውብን ነበር፤ እግራቸውን አላነሡም።